በማን ቦታ?

አሰልጣኙ በአንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ የተስፋ ቡድኑን ለብዙ ዓመት የያዙ ሰው ናቸው። ጋዜጠኛዋ በሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት ታቀርባለች፤ በልጅነቷ የእሳቸውን ልምምድ ከሜዳው አጥር ሥር ቆማ ታይ ስለነበር እስካሁን "ጋሼ" ትላቸዋለች፣ እሳቸውም እንደ ልጃቸው ይቆጧታል። ያከራከራቸው አንድ የ19 ዓመት አማካይ ነው። ከተስፋ ቡድኑ ወደ ዋናው ቡድን አድጓል፣ ግን አይሰለፍም። ላለመውረድ የሚታገል አንድ ክለብ "በውሰት ስጡኝ" ብሏል። ቦርዱ ደግሞ ለመወሰን የአሰልጣኙን አስተያየት በጽሑፍ ጠይቋል። የልጁንም የክለቦቹንም ስም ትተነዋል። የውጭ አገር ተጫዋቾች ሲነሱ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጋዜጠኛ፦ ጋሼ፣ ይሄ ምኑ ያስጨንቃል? ልጁ ዘንድሮ ስንት ደቂቃ ተጫወተ? ባለፈው ዳኛው ሰዓቱን እያየ ነው የገባው። ካልሲውን ሳይጎትት ፊሽካ ተነፋ። ይሂድና ይጫወት እንጂ።

አሰልጣኝ፦ ይጫወት ማለት ቀላል ነው። የት ይጫወት? በማን ቦታ? ምን እየሠራ? እናንተ ደቂቃ ትቆጥራላችሁ፤ እኔ ኳሷን ስንቴ እንደነካት ነው የምቆጥረው። ያን የጠየቀውን ቡድን አይተሽዋል? ግብ ጠባቂው ይለጋል፣ አጥቂው ይዘላል። የኔ ልጅ መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ኳሷ በአናቱ ወዲህና ወዲያ ስታልፍ አንገቱን ሲያዞር ይውላል። አንቺ ደግሞ ማታ በሬዲዮ "ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ተሰልፏል" ትያለሽ።

ጋዜጠኛ፦ አጋነኑት።

አሰልጣኝ፦ ትንሽ።

ጋዜጠኛ፦ እሺ፣ ሃሪ ኬንን እንውሰድ። ቶተንሃም በ2011 መጀመሪያ ላይ ለሌይተን ኦሪየንት አዋሰው፤ ሦስተኛ እርከን ላይ ላለ ቡድን። ከዚያ ሚልዎል፣ ከዚያ ኖርዊች፣ ከዚያ ሌስተር። ሚልዎል ሲደርስ ቡድኑ ላለመውረድ ነበር የሚታገለው፤ ቁርጥ የእኛን ጠያቂ። ልጁ አገባ፣ ቡድኑም ተረፈ። ዛሬ የቶተንሃምም የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድንም የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ነው። ያኔ "ይቆይ፣ ከእኛ ጋር ልምምድ ይሥራ" ቢሉት ኖሮ?

አሰልጣኝ፦ ይሄን ታሪክ ሰው ሁሉ ግማሹን ነው የሚያወራው። ኖርዊች እንደሄደ የእግሩ አጥንት ተሰበረ። ሌስተር በ2013 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማለፍ ከዋትፎርድ ጋር ሲጫወት ኬን ከጄሚ ቫርዲ ጋር ጎን ለጎን ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠበት ፎቶ አለ። አይተሽዋል መቼም።

ጋዜጠኛ፦ ማን ያላየው አለ።

አሰልጣኝ፦ ያን ቀን ዕድሜው ስንት ነበር? 19። ልክ እንደ ልጃችን። በሁለተኛው እርከን፣ አራተኛው የውሰት ክለብ ውስጥ፣ ተቀያሪ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ያን ቀን "ውሰት ልጁን ሠራው" ብለሽ ትወራረጂ ነበር? ያወጣው ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ቲም ሸርውድ ቶተንሃም ውስጥ ከታዳጊዎቹ ጋር ሲሠራ ኬንን ያውቀዋል። በ2013 መጨረሻ ዋናውን ቡድን ሲረከብ እነ ሶልዳዶ፣ እነ አደባዮር አሉ። ቢሆንም በኤፕሪል 2014 ከሰንደርላንድ ጋር በቋሚ አሰላለፍ አስገባው፤ ልጁም አገባ። በፕሪሚየር ሊግ ለቶተንሃም ከመጀመሪያው ደቂቃ ሲሰለፍ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ፖቸቲኖ መጣና የቀረውን ታውቂዋለሽ። የሚያውቀው ሰው ቤት ውስጥ ባይጠብቀው ኖሮ አምስተኛ ውሰት ይሄድ ነበር፣ ስድስተኛም።

ጋዜጠኛ፦ ሸርውድ ሲፈልገው ግን ዝግጁ ሆኖ ነው ያገኘው። ያን ዝግጅት ከየት አመጣው? በተስፋ ቡድን ጨዋታ ተከላካይ በክርኑ ጎንህን አይልህም። ሽንፈት ሲሆን ደሞዝ የሚቀርበት ሰው አጠገብህ የለም። ሚልዎል ውስጥ ነው ወንዶች መሐል ገብቶ የተገፋው።

አሰልጣኝ፦ ይሄን እቀበላለሁ። እኔ የማልቀበለው ውሰትን እንደ መድኃኒት ቆጥራችሁ ለሁሉም በአንድ ማንኪያ ስትሰጡ ነው። ፊል ፎደንን ማንቸስተር ሲቲ ለማንም አላዋሰውም። በ2017 በቻምፒዮንስ ሊግ ከፌይኖርድ ጋር ሲገባ 17 ዓመቱ ነው። በዚያው የውድድር ዘመን በሊጉ የተጫወተው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። የእንግሊዝ ጋዜጦች በየሳምንቱ "ልጁን አውሱት፣ ሊበሰብስ ነው" ሲሉ ጓርዲዮላ አልሰማም አለ። በ2024 የፕሪሚየር ሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ማን ሆነ?

ጋዜጠኛ፦ ፎደን።

አሰልጣኝ፦ እንግዲህ።

ጋዜጠኛ፦ "እንግዲህ" ብለው አይዝጉት። ኮል ፓልመርስ? እሱም የሲቲ አካዳሚ ልጅ ነው፣ እሱም እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። መውጣት ሲፈልግ ጓርዲዮላ ወይ ይቆያል ወይ ይሸጣል፣ ውሰት ግን የለም አለ። በ2023 ቼልሲ ገዛው፤ በመጀመሪያው ዓመት በሊጉ 22 ግብ አገባ። አንድ ክለብ፣ አንድ አሰልጣኝ፣ አንድ ዓይነት እምነት፤ አንዱ ቆይቶ ነገሠ፣ ሌላው ሄዶ ነገሠ። ታዲያ መቆየቱ ነው ፎደንን የሠራው?

(እዚህ ላይ አሰልጣኙ ወዲያው አልመለሱም። )

አሰልጣኝ፦ መቆየቱ አይደለም። ፎደን ሲቆይ በማን ቦታ እንደሚገባ ታውቆ ነበር። ዳቪድ ሲልቫ በ2020 እንደሚሄድ አንድ ዓመት ቀድሞ ተናግሯል። ጓርዲዮላም በእሱ ፋንታ ሌላ ሰው አልገዛም፣ ፎደን አለ ብሎ ነው የጠበቀው። ልጁ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተራውን እያየ ነው። ከሲልቫ ጋር ልምምድ ይሠራል፣ ሲልቫ በጠባብ ቦታ እንዴት እንደሚዞር ያያል፣ ወንበሩ የሚለቀቅበትን ወር ያውቃል። ፓልመር ሲደርስ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ማን አለ? ራሱ ፎደን፣ በርናርዶ ሲልቫ፣ ግሪሊሽ። ሁሉም በጉልበታቸው ላይ ያሉ፣ ማንም የሚሄድ የለም። ማህሬዝ ሄደ ሲባል ዶኩ ተገዛ። ለፓልመር "ጠብቅ" ማለት እስከ መቼ ነው?

ጋዜጠኛ፦ ስለዚህ ጥያቄው ይሂድ ወይስ ይቆይ አይደለም ነው የሚሉኝ።

አሰልጣኝ፦ ሁለቱም ጋ አንድ ጥያቄ ነው ያለው። ቢቆይ ማን ይለቅለታል? ቢሄድ ማን ይለቅለታል? የሚለቅ ሰው ስም ካልተጠራ የሚሰጠው ሁሉ ተስፋ ብቻ ነው።

ጋዜጠኛ፦ ይሄ ለአርሰናል ደጋፊዎችም ይገባል።

(አዲስ አበባ ውስጥ የሚደረግ የኳስ ወሬ አርሰናል ሳይገባበት አያልቅም፤ ይሄም አላለቀም።)

አሰልጣኝ፦ ሳካ ነው የምትይው? እሱማ ማስረጃዬ ነው። የመስመር አጥቂ ነው፤ ግን በ2019 መጨረሻ ቲርኒም ኮላሲናችም ሲጎዱ የግራ መስመር ተከላካይ አጣ ቡድኑ። ልጁን እዚያ አቆሙት። የሱ ቦታ አልነበረም፣ ግን ክፍት ቦታ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማን ያወጣዋል?

ጋዜጠኛ፦ እኔ የምለው ሳሊባን ነው። በ2019 አርሰናል ገዛው፣ በዚያው ቀን ለሴንት ኢቲየን መልሶ አዋሰው። በማግስቱ ዓመት አርቴታ በኢሮፓ ሊግ ስም ዝርዝር እንኳ አላስገባውም። ግማሽ ዓመት ባከነ። ከዚያ ኒስ። ከዚያ ማርሴይ። ከተገዛ ሦስት ዓመት ሙሉ ለአርሰናል አንድ ይፋዊ ጨዋታ አልተጫወተም። ያን ጊዜ ኳስ ቤት ውስጥ "ይሄ ልጅ ለምን አይመጣም?" ብሎ ያልተጣላ ሰው አልነበረም። በኦገስት 2022 ከክሪስታል ፓላስ ጋር ሲሰለፍ ግን ሰው ሁሉ ዝም አለ። 21 ዓመቱ ነው፣ የሚጫወተው ግን እንደ ሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ማርሴይ የሠራው።

አሰልጣኝ፦ ማርሴይ ለምን ሠራው? ይሄን ነው የምትዘልይው። ሳምፓዮሊ ተከላካዮቹን ወደ መሐል ሜዳ አስጠግቶ፣ ኳስ ከኋላ እያስጀመረ የሚጫወት አሰልጣኝ ነው። ሳሊባ ዓመቱን ሙሉ ከጀርባው አርባ ሜትር ባዶ ሜዳ ይዞ ከአጥቂ ጋር ሲሮጥ ነው የከረመው። አርቴታ የሚጠይቀውም ያንኑ ነው። ልጁ የተመለሰው ሥራውን ለምዶ ነው። ያን ዓመት ወደ ኋላ ተሰብስቦ ኳስ የሚያስወጣ ቡድን ጋ ቢያሳልፈው ኖሮ ያው ስንት ደቂቃ ተጫወተ ትይኝ ነበር፣ አርቴታም እንደገና ይልከው ነበር።

ጋዜጠኛ፦ በማርች 2023 ጀርባውን ሲጎዳ ዋንጫው አብሮ እንዳመለጠስ?

አሰልጣኝ፦ እሱን እንኳ ለአርሰናል ደጋፊ አታንሺ። ይልቅ የምታነሺው ማርቲኔዝን ነው፤ ግብ ጠባቂውን። በ2010 በልጅነቱ መጣ። ኦክስፎርድ፣ ሼፊልድ ዌንስዴይ፣ ሮዘርሃም፣ ዎልቭስ፣ ሄታፌ፣ ሬዲንግ። አሥር ዓመት ሻንጣ ሲያስር ኖረ። ብዙ ጊዜ የሄደበት ክለብ ያለውን ግብ ጠባቂ ነው የሚያምነው፤ እሱ የሚጠራው ያ ሲታመም ነው። ሄታፌ አንድ ዓመት ሄዶ ስንት ቀን ተሰለፈ? በጣት የሚቆጠር። በመጨረሻ የወጣው እንዴት ነው? በ2020 ሌኖ ጉልበቱን ተጎዳ፣ ቦታው ተከፈተ፣ ገባ፣ የኤፍኤ ዋንጫ በላ። ከዚያ ወደ ቪላ ተሸጠ፣ በ2022 የዓለም ዋንጫ አነሣ። ስድስቱ ውሰት ያላደረጉለትን የአንድ ሰው ጉልበት አደረገለት።

ጋዜጠኛ፦ የሰው ጉዳት እስኪመጣ ይጠብቅ ነው ምክርዎ?

አሰልጣኝ፦ አፍሽ ክፉ ነው! እሱን አላልኩም። ተሸጦ ቢሄድ ቀደም ብሎ ይሻለው ነበር ነው የምለው። ለግብ ጠባቂ ውሰት ከባድ ነው፤ ቦታው አንድ ነው።

ጋዜጠኛ፦ ኩርቱዋስ? ቼልሲ ለአትሌቲኮ ሦስት ዓመት አዋሰው። ቦታው አንድ ነው፣ እዚያ ግን የሱ ነበር። በ2014 ላሊጋውን በላ፤ በቻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የገዛ ባለቤቱን ቼልሲን ተቃውሞ ቆመና ለንደን ላይ አሰናበታቸው።

አሰልጣኝ፦ ውሉ ላይ ደግሞ "ከእኛ ጋር ካሰለፋችሁት ትከፍላላችሁ" የሚል ነገር ነበረው፤ ዩኤፋ ነው አይሠራም ያለው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግማ የተዋሰ ልጅ የላከውን ክለብ ፊት ለፊት እንዳይገጥም ጭራሽ ተከልክሏል። ይሄ ይገርመኛል። ልጁ እንዲያድግ ነው የላክሁት ይልሻል፤ እድገቱን የምታይበትን ጨዋታ ግን እንዳይጫወት ያስራል።

ጋዜጠኛ፦ ስለ ቼልሲ ከተነሣ አይቀር፣ እኔም ውሰትን ስደግፍ የሚያሳፍረኝ ክለብ ነው። በአንድ ወቅት ልጆቹን እንደ መጋዘን ዕቃ ነበር የያዛቸው። ደ ብሩይነን ለቨርደር ብሬመን አዋሰ፤ ልጁ በቡንደስሊጋ 10 ግብ አግብቶ ተመለሰ፤ ተመልሶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በ2014 መጀመሪያ ለዎልፍስበርግ ተሸጠ። ሳላህን ለፊዮረንቲና፣ ከዚያ ለሮማ። ሁለቱም ተመልሰው ቼልሲን ለዓመታት አሰቃዩት፤ አንዱ በሲቲ ማልያ፣ ሌላው በሊቨርፑል። የቀሩት ደግሞ ስማቸውን እንኳ አናስታውስም፤ ከሆላንድ ወደ ስፔን፣ ከስፔን ወደ ጣሊያን እያሉ ሃያ አምስት ዓመታቸውን አለፉ።

አሰልጣኝ፦ ፊፋ ለዚህ አይደል ቁጥር ያወጣው?

ጋዜጠኛ፦ አዎ። በ2022 ስምንት ተጫዋች፣ በማግስቱ ሰባት፣ ከ2024 ጀምሮ ስድስት። ከዚያ በላይ ወደ ሌላ አገር ማዋስ የለም። የተዋሰውን ለሦስተኛ ክለብ መልሶ ማዋስም የለም። ነገር ግን 21 ዓመትና ከዚያ በታች ያለ፣ ክለቡ ራሱ ያሳደገው ልጅ ቁጥሩ ውስጥ አይገባም። ፊፋም ልጅ ይዋስ ነው የሚለው፤ የተከለከለው በልጅ መነገድ ነው።

አሰልጣኝ፦ በወረቀት ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ስልክ ሲደወልልሽ ግን አይለይም። "ልጁ እንዲያድግ ነው" ይላል ሁሉም። "ደሞዙን የሚጋራኝ ፈልጌ ነው" የሚል ክለብ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ጋዜጠኛ፦ ለማሳደግ የሚዋስም አለ ግን። ፒርሎን ያስታውሳሉ? ኢንተር አሥር ቁጥር ብሎ ነው የገዛው። አልሆነለትም። በ2001 ለብሬሺያ አዋሱት፤ የልጅነት ክለቡ። እዚያ አሥር ቁጥሩ ማን ነው? ሮቤርቶ ባጂዮ። ማዞኔ የሚባሉት ሽማግሌ አሰልጣኝ ባጂዮን አውጥተው ፒርሎን ሊያስገቡ አይደለም። ወደ ኋላ አወረዱት፤ ከተከላካዮቹ ፊት አቆሙትና ኳሷን ከዚያ ጀምር አሉት። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፒርሎ የተወለደው እዚያ ነው። ውሰት ባይሄድ ይሄን ማን ያይለት ነበር?

አሰልጣኝ፦ ይሄ ጥሩ ነው። ይሄን አልረሳውም። (ትንሽ ቆይተው) ግን ማን በላው? ኢንተር በዚያው ዓመት ለሚላን ሸጠው፤ ጎረቤቱ ዋንጫ ሲደረድርበት ኖረ። ማዞኔ ያዩትን ኢንተር ቤት የሚያይ ሰው አልነበረም። ልጅ ላክሽ ማለት ዓይንሽንም አብረሽ ትልኪያለሽ። ቼልሲ እንኳ፣ ያ መጋዘን ያልሽው፣ ፓውሎ ፌሬራን እየዞረ የተዋሱትን ልጆች እንዲከታተል መድቦት ነበር። እኛ ማንን እንመድባለን?

ጋዜጠኛ፦ እኛማ ከእነሱ ይቀለናል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ ቡድኖቹን አንድ ከተማ እያሰባሰበ ሲጫወት ሁሉም ያለው እዚያው ነው። ልጁ ከሰዓት ይጫወታል፣ የእናንተ ቡድን ማታ ይጫወታል፤ ዋናው አሰልጣኝ ትሪቡን ላይ ተቀምጦ ማየት ነው። የሚጠፋ ልጅ የለም። እንግሊዞቹ ይሄን ቢያገኙ ይሰግዱበት ነበር።

አሰልጣኝ፦ ይሄን አላሰብኩትም።

ጋዜጠኛ፦ ጽፈው ይያዙት።

አሰልጣኝ፦ ቆይ። ማየቱስ ይታያል። ከዚያስ? እዚህ አገር ውሰት የሚበላሸው ከርቀት አይደለም፣ ከውሉ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ልጅን አራት አምስት ዓመት ያስፈርሙታል፤ አንዱን ዓመት ቢያውሱት የቀረው የነሱ ነው። የእኛ ልጅ ውሉ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ብናውሰው ሲመለስ ነጻ ተጫዋች ሆኖ ነው የሚመለሰው። የሚሄደው ወደ እኛ ሳይሆን ፊርማ ወደሚከፍለው ነው። ቦርዱ ይሄን ሲያይ "ታዲያ ለማን ብለን ነው የምናሳድገው?" አለኝ።

ጋዜጠኛ፦ መጀመሪያ ያራዝሙለታ!

አሰልጣኝ፦ አልኳቸው። "ሳይጫወት እንዴት ብለን እናራዝማለን?" አሉኝ።

ጋዜጠኛ፦ እንዳይጫወት ያደረጉት ደግሞ እነሱው።

አሰልጣኝ፦ እነሱው።

ጋዜጠኛ፦ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቆጡኝ። ባለፈው ልምምዳችሁን አየሁ። ይሄ ልጅ ተስፋ ቡድን ሳለ ኳስ ሳትደርሰው በፊት ሁለቴ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ያይ ነበር። ከዚያ በጎን ዞሮ ይቀበላታል፣ አንድ ነክቶ ወደ ፊት ነው። አሁን አያይም። ፊቱን ለራሱ ግብ ሰጥቶ ይቀበልና ለመሐል ተከላካዩ ይመልሳታል። አንዴ ሊዞር ሲል አምበላችሁ "ስጥ! ስጥ እንጂ!" ብሎ ጮኸበት። ሰጠ። ልምምዱ እስኪያልቅ ድጋሚ አልሞከረም።

አሰልጣኝ፦ አይቻለሁ።

ጋዜጠኛ፦ ታዲያ ይቆይ የሚሉት ይሄን እንዲማር ነው?

አሰልጣኝ፦ እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነው። አምበሉ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ውሉ በሰኔ ያልቃል። ኳስ በተቀማች ቁጥር የሚታየው የሚቀጥለው ፊርማ ነው። ለልጅ ስህተት የሚተርፍ ትዕግሥት ከየት ያምጣ? ሲልቫ ለፎደን የነበረውን ያህል ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አላስብም፣ ይቆይ እል ነበር። የእኛ ልጅ ግን ከማን ነው የሚማረው? ፍርሃት ነው የሚማረው።

ጋዜጠኛ፦ እሺ፣ ከተስማማን ምን ያዝዎት?

አሰልጣኝ፦ ከዚህ በፊት ልኬ አውቃለሁ። ስሙን አልነግርሽም፣ ክለቡንም። የጠየቀን አሰልጣኝ ጨዋ ሰው ነበር፤ ልጁን እንዴት እንደሚያሰልፈው ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተባረረ። አዲሱ ሲመጣ "ይሄ የማን ልጅ ነው?" አለ። የሌላ ክለብ ልጅ አሳድጎ ምን ሊጠቀም? የራሱን ተጫዋች አሰለፈ። ልጁ ካምፕ ውስጥ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት እየበላ፣ ስልክ እየነካካ ዓመቱን ጨረሰ። ሲመለስ ሆድ አውጥቶ ነው። ዓይኔን ማየት አፈረ። ጥፋቱ የኔ፣ የሚያፍረው እሱ።

ጋዜጠኛ፦ እሱ ስላልተጫወተ ነው፤ አቡበከር ናስርን ይመልከቱ። እሱን ማንም ልምድ እንዲቀስም አላስቀመጠውም። ኢትዮጵያ ቡና ቡድኑን ሰጠው፤ በ2013 ዓ.ም. 29 ግብ አገባ፣ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ግብ ሪከርድ ሰበረ። በሃያ አንድ ዓመቱ! ዕድል ሲሰጥ እንዲህ ነው።

አሰልጣኝ፦ እሱም ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ኢትዮጵያ ቡና ውስጥ ቦታው የሱ ነበር። ከዚያ ሰንዳውንስ ሄደ፤ ፒተር ሻሉሊሌ የሚመራው የአጥቂ መስመር ነው፣ እንደ እሱ ያለ ብዙ አለ፤ ላዩ ላይ ደግሞ ጉዳት ያዘው። ችሎታው ጠፋ? አልጠፋም። ሄደ መባሉን እንጂ በማን ቦታ እንደሚገባ የጠየቀ ሰው ነበር ወይ ነው የምለው።

ጋዜጠኛ፦ ኢሳክስ? ስዊድን የተወለደው የኤርትራውያኑ ልጅ። ዶርትሙንድ በ2017 ገዛው፣ ፊት መስመሩ ላይ ቦታ አልነበረውም። በ2019 መጀመሪያ ለሆላንዱ ቪለም 2 አዋሱት፤ በ16 የሊግ ጨዋታ 13 ግብ። ያ ግማሽ ዓመት ባይኖር ሪያል ሶሲየዳድ አይገዛውም፣ ኒውካስል አይገዛውም።

አሰልጣኝ፦ ቪለም አጥቂ ያስፈልገው ነበራ። ደሞም ልብ በይ፣ ሆላንድ ነው የላኩት፤ መሮጫ ሜዳ ያለበት ሊግ፣ ለሯጭ አጥቂ። ወደ አንድ የሚዘጋ ቡድን ቢልኩት ኖሮ... ተይው፣ መልሼ መልሼ አንድ ነገር ሆነብኝ።

ጋዜጠኛ፦ እናቱስ ምን አለች?

አሰልጣኝ፦ የማን እናት?

ጋዜጠኛ፦ የልጁ ነዋ። ጠያቂው ክለብ የሚከፍለው ከእናንተ በእጥፍ ይበልጣል አሉ። ልጁ ዛሬም የሚቀበለው የተስፋ ቡድን ደሞዝ ነው። እርስዎ ስለ ግማሽ ዙር ኳስ አቀባበል ሲጨነቁ እነሱ ስለ ቤት ኪራይ ይጨነቃሉ።

አሰልጣኝ፦ ደውላልኝ ነበር። ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አላነሣችም። "ጋሼ፣ እዚያ ሲመሽ ማነው የሚቆጣጠረው?" ነው ያለችኝ። ምን ልበላት? ካምፑን አላውቀውም። ከማን ጋር አንድ ክፍል እንደሚያድር አላውቅም። ይሄን የሚጽፍ ውል አይቼም አላውቅ። አሁን ቦርዱ አስተያየት ጻፍ ሲለኝ መጀመሪያ የጻፍኩት እሱን ነው፦ ከማን ጋር እንደሚያድር ይነገረን ብዬ። ጸሐፊዋ ሳቀችብኝ።

ጋዜጠኛ፦ ሌላስ ምን ጻፉ?

አሰልጣኝ፦ ሳይሄድ በፊት ውሉ ሁለት ዓመት ይራዘም። በአንደኛው ዙር ማብቂያ ከጨዋታዎቹ ግማሹን በቋሚ አሰላለፍ ካልገባ ተመልሶ ይምጣ። የጠየቀው አሰልጣኝ ከተነሣ እኛ የመጥራት መብት ይኑረን። ይሄን ሁሉ ጽፌ የቀረኝ አንድ ባዶ መስመር ነው። በማን ቦታ? የሚለው። የነሱን አማካዮች በደንብ አላውቃቸውም።

ጋዜጠኛ፦ እሱን እኔ እነግርዎታለሁ። ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆመው ነባሩ ነው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ። ዘንድሮ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ሙሉ ጨርሶ አያውቅም፤ ስድሳ ምናምን ደቂቃ ላይ እጁን ያነሣል። እሱ ሲወጣ የሚገባው ተከላካይ ነው፤ ኳስ የሚለጋው ያኔ ነው ቡድኑ። እስከዚያ ድረስ ይጫወታሉ።

አሰልጣኝ፦ እውነትሽን ነው? እስከ ስድሳ ድረስ ከኋላ ያስጀምራሉ?

ጋዜጠኛ፦ እርስዎ የሚያዩት መጨረሻውን ነዋ፤ ሁሌ ከእናንተ ልምምድ በኋላ ነው የሚደርሱት።

አሰልጣኝ፦ ... የዚህ ሳምንቱን ከመጀመሪያው አያለሁ። ሰውየው እንዳልሽው ከሆነ መስመሩን እሞላዋለሁ።

ጋዜጠኛ፦ ቅድመ ሁኔታዎቹን ካልፈረሙስ?

አሰልጣኝ፦ ይቆያል። ከዚያ ዋናውን አሰልጣኝ ፊት ለፊት ቁጭ አድርጌ እጠይቀዋለሁ፤ አምበሉ በሰኔ ሲሄድ ሰው ትገዛለህ ወይስ ይሄን ልጅ ታስገባለህ? ብዬ። እገዛለሁ ካለኝ ደግሞ ልጁን ራሴ ነኝ ገዢ የምፈልግለት።

ጋዜጠኛ፦ ዋናው አሰልጣኝ እስከ ሰኔ ይቆያል እንዴ?

አሰልጣኝ፦ እሱን ቦርዱን ጠይቂ። በሬዲዮ ጠይቂልኝ፤ እኔ ስጠይቅ "በሂደት ላይ ነው" ነው የሚሉኝ።